የቦይለር ግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ፦ ከሐርጌሳ እስከ አዲስ አበባ ብዙዎች የማያስተውሉት ጠባቂ

አርብ መጋቢት 23/2014 ዓ.ም. ምሽት፣ የረመዳን ጾም ሊገባ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ በሶማሊላንድ መዲና ሐርጌሳ የሚገኘው ሰፊው የዋሄን ገበያ በእሳት ተያያዘ። እሳቱ ሌሊቱን ሲነድ አድሮ ሲነጋ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ሱቆችና መደብሮች አመድ ሆነው ተገኙ። ሃያ ስምንት ያህል ሰዎች የተጎዱ ሲሆን፣ በአደጋው የሞተ ሰው ስለመኖሩ አልተነገረም። የንግድ ምክር ቤቱ ኃላፊ ገበያው ከከተማዋ ኢኮኖሚ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ይይዝ እንደነበር በወቅቱ ገልጸዋል። የዚያን ጊዜው ፕሬዝዳንት ሙሴ ቢሂ አብዲም ለአስቸኳይ ድጋፍ 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመደብ አስታውቀው ነበር።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወደ ቃጠሎው መሃል ለመድረስ የተቸገሩት መተላለፊያዎቹ ጠባብ፣ ሱቆቹም እርስ በርስ የተጣበቁ በመሆናቸው ነበር። ቃጠሎው በወቅቱ ከቦይለር ጋር አልተያያዘም። ነገር ግን ሕንፃዎች ተጠጋግተው በቆሙበት ሥፍራ በአንድ ቤት የሚደርስ ብልሽት የጎረቤትም ጉዳት እንደሚሆን በግልጽ አሳይቷል።

እ.አ.አ. በ1988 በአየርና በመድፍ ድብደባ ፈርሳ የነበረችው ሐርጌሳ ከ1991 ወዲህ ዳግም ስትገነባ የቆየች ከተማ ናት። እንደ አዲስ አበባ፣ ጅግጅጋ፣ ባሕር ዳር ወይም ጅቡቲ ሁሉ ከተሞች ባደጉ ቁጥር ሆቴሎች፣ ሆስፒታሎች፣ የልብስ ንጽህና መስጫዎችና ምግብ ቤቶች ይበዛሉ። እነዚህ ተቋማት ሙቅ ውኃ በብዛት ይፈልጋሉ፤ ሙቅ ውኃውም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በምድር ቤት ወይም በጓሮ ከተቀመጠ ቦይለር ነው።

በዚያ ቦይለር አናት ወይም ጎን ላይ ከመዳፍ የማትበልጥ አንዲት የብረት ዕቃ ትገኛለች፤ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ትባላለች። በባለሙያዎች ዘንድ 'ሴፍቲ ቫልቭ' በሚለው ስም ይበልጥ ትታወቃለች። ዓመቱን ሙሉ ሥራ የሌላት ትመስላለች። ሥራዋ በሚያስፈልግበት በዚያች አንዲት ቀን ግን የሚተካት የለም።

ሙቅ ውኃ ለምን አደገኛ ይሆናል?

ጀበና ቡና ሲፈላ አፉ ክፍት ስለሆነ ከመገንፈል የከፋ ነገር አይደርስም። እንፋሎቱ መውጫ አለው፤ ውኃውም ከመፍያ ነጥቡ በላይ አይሞቅም። ይኸው ጀበና አፉ በብረት ክዳን ተበይዶ እሳት ላይ ቢቀመጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቦይለር በመሠረቱ እንደዚህ ያለ የታሸገ ዕቃ ነው።

በታሸገ ዕቃ ውስጥ ሁለት ነገሮች ይከሰታሉ። የመጀመሪያው መስፋፋት ነው። ውኃ ሲሞቅ መጠኑ ይጨምራል። በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ የነበረ 1 ሺህ ሊትር ውኃ 80 ዲግሪ ሲደርስ 29 ሊትር ያህል ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ይህ ትርፍ የሚሄድበት ሥፍራ ካላገኘ፣ ውኃ እንደ አየር የሚታመቅ ባለመሆኑ፣ ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ አደገኛ ደረጃ ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛውና የከፋው ውኃው ከተለመደው የመፍያ ነጥብ አልፎ መሞቁ ነው። ግፊት በጨመረ ቁጥር ውኃ የሚፈላበት ሙቀትም ከፍ ይላል። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ፣ ከከባቢ አየር በ3 ባር በላቀ ግፊት ውስጥ ሲሆን እስከ 143 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። በ6 ባር ደግሞ 165 ዲግሪ ይደርሳል።

እንዲህ ያለው ውኃ ዕቃው ተሰንጥቆ ግፊቱ በድንገት ሲወርድ ፈሳሽ ሆኖ መቆየት አይችልም፤ ከፊሉ ወዲያውኑ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። በ143 ዲግሪ የሞቀ 500 ሊትር የሚይዝ ታንከር ቢቀደድ፣ ከውኃው 8 በመቶ ያህሉ በቅጽበት ይተናል። መጠኑ ትንሽ ቢመስልም የሚፈጠረው እንፋሎት 60 ሜትር ኪዩብ ገደማ ይሆናል። ይህም 5 ሜትር በ4 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ከፍታ ያለውን ክፍል ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ነው። ግድግዳ የሚያፈርሰው፣ ጣሪያ የሚያነሳውም ይኸው ድንገተኛ መስፋፋት ነው።

ቫልቯ እንዴት ትሠራለች?

አሠራሯ ቀላል ነው። በውስጧ የውኃውን መውጫ የምትደፍን ክብ ሳህን አለች፤ ሳህኗን ከላይ ወደ ታች የሚጫናት ጠንካራ ሞላ አለ። የቦይለሩ ግፊት ከታች ወደ ላይ ይገፋል፤ ሞላው ደግሞ ከላይ ይከላከላል። የውኃው ግፊት የሞላውን ኃይል ሲያሸንፍ ሳህኗ ተነስታ ውኃው ወይም እንፋሎቱ ይወጣል። ግፊቱ ሲወርድ ሞላው መልሶ ይዘጋታል። ኤሌክትሪክ አትፈልግም፤ የሰው ትእዛዝም አትጠብቅም። መብራት ቢጠፋ፣ የቦይለሩ ተቆጣጣሪ ቢተኛ፣ ሥራዋን ትሠራለች።

ይህ ሐሳብ ከ340 ዓመታት በላይ ዕድሜ አለው። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዴኒ ፓፓ እ.አ.አ. በ1679 በለንደን ምግብን በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት አስተዋወቀ። ብዙም ሳይቆይ ድስቱ እንዳይፈነዳ በክብደት የሚዘጋ ማስተንፈሻ ጨመረበት። ዛሬ በየቤቱ የሚገኘው የግፊት ድስት የዚያ ፈጠራ ዘር ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በሐርጌሳ ካፌዎች ማኪያቶ የሚያፈላው ማሽንም በሆዱ ትንሽ ቦይለር አለው፤ እሱም ከራሱ ማስተንፈሻ ቫልቭ ጋር ነው የሚሠራው።

በንግድ ተቋማት ውስጥ በዋናነት ሦስት ዓይነቶች ያገለግላሉ። የመጀመሪያው በእንፋሎት ቦይለሮች ላይ የሚገጠመው ሲሆን፣ ከተወሰነለት ግፊት ሲደርስ በአንድ ጊዜ ተፈናጥሮ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ሁለተኛው ለፈሳሽ የሚያገለግለውና ግፊቱ በጨመረ መጠን ቀስ በቀስ የሚከፈተው ነው። ሦስተኛው ሙቀትንም ግፊትንም የሚከታተል ነው። ይህኛው ወደ ታንከሩ የሚገባ ረዘም ያለ ዘንግ አለው። ግፊቱ ገና ከልክ ባያልፍም ውኃው ከተወሰነ ሙቀት ካለፈ ይከፈታል። በአሜሪካ ደረጃ የተለመደው 99 ዲግሪ ሴልሺየስና 10 ባር ገደማ ነው።

ትክክለኛዋ ቫልቭ የትኛዋ ናት?

ቫልቭ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው የቧንቧውን ስፋት ብቻ ነው። ጥርሱ ገጥሞ ከገባ በቂ ይመስላል። ይሁንና ሁለት ቁጥሮች ከጥርሱ መግጠም ይበልጣሉ።

አንደኛው ቫልቯ የምትከፈትበት ግፊት ነው። ይህ ቁጥር በቦይለሩ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ የሥራ ግፊት መብለጥ የለበትም። ለ4 ባር በተሠራ ቦይለር ላይ 6 ባር የሚል ቫልቭ መግጠም፣ ፍሬኑ ገደል ከገቡ በኋላ የሚይዝ መኪና እንደመንዳት ነው።

ሁለተኛው የማስወጣት አቅሟ ነው። ቫልቯ መከፈቷ ብቻውን አይበቃም፤ ቦይለሩ ከሚያመርተው ፍጥነት ባላነሰ ፍጥነት ማስወጣት አለባት። ለምሳሌ 100 ኪሎ ዋት ኃይል ያለው ቦይለር መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ሙቀቱ ሁሉ ወደ እንፋሎት ቢለወጥ፣ በ3 ባር ግፊት በሰዓት 170 ኪሎ ግራም ገደማ እንፋሎት ያመነጫል። የቫልቯ ሰሌዳ ከዚህ ያነሰ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ፣ ተከፍታም ግፊቱ መውጣቱን ይቀጥላል። ከመጠን በላይ የሆነች ቫልቭ ደግሞ በፍጥነት እየተከፈተችና እየተዘጋች መቀመጫዋን ትቀጠቅጣለች።

ከዚህ የተነሳ ሰሌዳ የሌላት፣ ወይም የሰሌዳዋ ጽሑፍ የተፋቀ ቫልቭ ርካሽም ብትሆን ለቦይለር አትበቃም። በምን ያህል ግፊት እንደምትከፈትና ምን ያህል እንደምታስወጣ የሚያውቅ የለምና።

ከፍታ ለውጥ ያመጣል?

በምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ ይህ ጥያቄ ትርጉም አለው። በርበራና ጅቡቲ በባሕር ዳርቻ ላይ ናቸው፤ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በ95 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይፈላል። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ደግሞ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው።

ቫልቯ የምትለካው በውስጥና በውጭ ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት በመሆኑ ሞላዋን ለከፍታ ብሎ ማስተካከል አያስፈልግም። ለውጡ የሚታየው በምታስወጣው ውኃ ላይ ነው። በ99 ዲግሪ የተከፈተች ቫልቭ በበርበራ የምታፈሰው የሚያቃጥል ውኃ ነው። በሐርጌሳና በአዲስ አበባ ግን ውኃው ከአካባቢው የመፍያ ነጥብ በላይ ስለሆነ አየር ሲነካ ከፊሉ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። በመሆኑም በደጋ ከተሞች የማፋሰሻ ቧንቧው ወዴት እንደሚያመራ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል።

ማፋሰሻው ቧንቧ ከቫልቯ መውጫ ያልጠበበ፣ ወደ ታች የሚያዘቀዝቅና ሰው ወደማያልፍበት የወለል ፍሳሽ የሚያደርስ መሆን አለበት። ጫፉ ላይ ቧንቧ መክፈቻ ወይም ታፕ አይገጠምበትም። በ60 ዲግሪ የሞቀ ውኃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ያህል ጊዜ ክፉኛ ሊያቃጥል እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

"ታዲያ ውኃውን ለምን አብዝተን እናሞቃለን?" የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የተከማቸ ሙቅ ውኃ በ60 ዲግሪ ገደማ እንዲቆይ የሚመክረው፣ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ የሚራባውና የሳንባ ምች የሚያስከትለው ሌጂዮኔላ የተሰኘ ባክቴሪያ እንዳይስፋፋ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ውኃውን ማቀዝቀዝ ሳይሆን ሥርዓቱን በአግባቡ መጠበቅ ነው።

የምታንጠባጥብ ቫልቭ

በቦይለር ክፍሎች ከሚያጋጥሙ ስህተቶች ሁሉ አደገኛው ቀላል የሚመስለው ነው። ቫልቯ ውኃ ማንጠባጠብ ትጀምራለች፤ ወለሉ ይረጥባል፤ አንድ ሰው መውጫዋን በታፕ ይደፍነዋል። ወለሉ ይደርቃል፤ ችግሩም የተፈታ ይመስላል። በእውነቱ ግን የተወገደው የቦይለሩ የመጨረሻ መከላከያ ነው።

ቫልቭ የምታንጠባጥበው በምክንያት ነው። መቀመጫዋ ላይ አሸዋ ወይም የኖራ ቅርፊት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ከጉድጓድ የሚወጣ ውኃ ብዙ ጊዜ ማዕድን የበዛበት በመሆኑ በሚሞቅበት ጊዜ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ይህ ቅርፊት ቫልቯን ክፍት አድርጎ ሊያስቀር፣ ሲብስም ጭራሽ እንዳትከፈት አጣብቆ ሊይዛት ይችላል።

ሌላው ምክንያት የሚስፋፋው ውኃ መሄጃ ማጣቱ ነው። በቀንዱ አገራት ከተሞች የቧንቧ ውኃ ስለሚቆራረጥ ብዙ ሕንፃዎች ጣሪያቸው ላይ፣ በኢትዮጵያ በተለምዶ 'ሮቶ' የሚባለውን የፕላስቲክ ታንከር ያስቀምጣሉ። ከጣሪያ ታንከር በቀጥታ የሚመገብና መንገዱ ክፍት የሆነ ማሞቂያ ትርፉን ውኃ ወደ ላይ መልሶ ይገፋል። በእያንዳንዱ 10 ሜትር ከፍታ የሚጨምረውም ግፊት 1 ባር ያህል ብቻ ነው። ውኃው እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ ወይም ግፊት የሚጨምር ፓምፕ በኋላ ሲገጠም ግን ያ መንገድ ይዘጋል። ያን ጊዜ በውስጡ በጎማ የተለየ አየር ያለው የመስፋፊያ ታንከር ያስፈልጋል። ይህ ታንከር ከሌለ፣ ወይም አየሩ ከወጣ፣ ቦይለሩ በሞቀ ቁጥር ቫልቯ ታነባለች።

በቦይለሩና በማስተንፈሻ ቫልቯ መካከል መዝጊያ ቫልቭ መግጠምም ሌላው የተከለከለ ተግባር ነው። ለጥገና እንዲመች ተብሎ የሚገጠም መዝጊያ አንድ ቀን ተዘግቶ ይረሳል።

ታሪክ የመዘገባቸው አደጋዎች

የዛሬዎቹ ሕጎች የተጻፉት ከብዙ ሞት በኋላ ነው። እ.አ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 1865 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ 'ሱልታና' የተሰኘችው የእንፋሎት መርከብ ቦይለሮቿ ፈንድተው ከ1 ሺህ በላይ ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ ከእርስ በርስ ጦርነቱ እስር ተለቀው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ወታደሮች ነበሩ።

መጋቢት 20 ቀን 1905 ደግሞ በማሳቹሴትስ ግዛት ብሮክተን ከተማ በሚገኝ የጫማ ፋብሪካ አንድ አሮጌ ቦይለር ፈንድቶ ጣሪያውን በስቶ ወጣ። ሕንፃው ተደርምሶ በእሳት ተያያዘ፤ 58 ሰዎች ሞቱ። ግዛቲቱ ከሁለት ዓመት በኋላ የቦይለር ደንብ አወጣች። የአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርም ዛሬ በብዙ አገራት የሚሠራበትን የቦይለር ደረጃ እ.አ.አ. በ1915 አሳተመ።

ቦይለሩ የግድ ግዙፍ መሆን የለበትም። ጥር 19 ቀን 1982 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት ስፔንሰር ከተማ፣ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የነበረ የውኃ ማሞቂያ ፈነዳ። ፍንዳታው ግድግዳ ጥሶ ምሳ ይበሉ ወደነበሩት ተማሪዎች ዘለቀ። ስድስት ሕፃናትና አንዲት መምህርት ሞቱ። የሙቀት መቆጣጠሪያው ማሞቂያውን አላቋረጠም፤ ማስተንፈሻ ቫልቯም ሥራዋን አልሠራችም።

ብቻዋን አትበቃም

ማስተንፈሻ ቫልቭ የመጨረሻዋ እንጂ ብቸኛዋ ጠባቂ አይደለችም። ከእርሷ በፊት ሙቀቱን በየጊዜው የሚያስተካክለው ቴርሞስታት፣ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ እሳቱን ወይም ኤሌክትሪኩን ቆርጦ የሚያጠፋው ሁለተኛ መቆጣጠሪያ፣ ውኃው ሲያንስ ቦይለሩን የሚያቆመው መሣሪያና የግፊት መለኪያው ጌጅ አሉ። ኤሌክትሪክ ሄዶ በሚመጣበት ጊዜ የሚከሰት የኃይል መዋዠቅ እነዚህን መቆጣጠሪያዎች ሊያበላሽ ይችላል። ያለ ኤሌክትሪክ የምትሠራው ቫልቭ ዋጋዋ የሚታወቀውም ያኔ ነው።

እርሷም የማትከላከላቸው አደጋዎች አሉ። በምድጃው ውስጥ ያልተቃጠለ ጋዝ ወይም የናፍጣ ትነት ተጠራቅሞ ድንገት ቢቀጣጠል፣ ፍንዳታው ከውኃው በኩል ስላልመጣ ቫልቯ ልታስቆመው አትችልም። በዝገት የሳሳ ታንከርም ቫልቯ ከምትከፈትበት ግፊት በታች ሊቀደድ ይችላል።

ምን ማድረግ ይገባል?

በሆቴል፣ በሆስፒታል ወይም በምግብ ቤት ቦይለር ያለው ሰው በቀላሉ ሊያያቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። ቫልቯ መኖሯን፣ ሰሌዳዋ መነበቡን፣ በእርሷና በቦይለሩ መካከል መዝጊያ አለመኖሩን፣ ማፋሰሻ ቧንቧው አለመደፈኑንና በጌጁ ላይ የሚታየው ግፊት ከቫልቯ መክፈቻ በበቂ ሁኔታ ዝቅ ማለቱን ማረጋገጥ ይቻላል።

የሙከራ እጀታውን ማንሳት ግን ለሠለጠነ ሰው የሚተው ሥራ ነው። ባለሙያው አምራቹ በሚያዝዘው ጊዜ፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከማፋሰሻው ርቆ በመቆም እጀታውን ያነሳል። ውኃው በኃይል ወጥቶ እጀታው ሲለቀቅ ሙሉ በሙሉ መቆም አለበት። ምንም ካልወጣ ቫልቯ ተጣብቃለች ማለት ነው፤ ቦይለሩ ጠፍቶ እስክትቀየር ሊቆይ ይገባል። መፍሰሱ ካልቆመም እንዲሁ ትቀየራለች እንጂ ሞላዋ አይጠብቅም። እያንዳንዱ ምርመራ ቀኑና ውጤቱ በመዝገብ ላይ ቢሰፍር ከአንድ ሠራተኛ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ይጠቅማል።

ቦይለሩ በተለመደው ሥራ ላይ እያለ ቫልቯ በድንገት ብትከፈት የመጀመሪያው እርምጃ የነዳጁን ወይም የኤሌክትሪኩን ምንጭ ከርቀት ማጥፋትና ሰዎችን ማራቅ ነው። እጅግ በጋለ ቦይለር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መልቀቅ አይገባም፤ ብረቱን ሊሰነጥቅ፣ እንፋሎቱንም በድንገት ሊያበዛ ይችላልና።

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪዎች የሠራተኞቻቸውን ጤንነትና ደኅንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስዱ ያስገድዳል። በቦይለር ክፍል ውስጥ የሚያድር ዘበኛ፣ ከጎኑ ልብስ የምታጥብ ሠራተኛና ከላይ የተኛ እንግዳ ግን ከሕጉ በፊት የሚተማመኑት በዚያች ትንሽ የብረት ዕቃ ነው። የእርሷ መግዣ ከቦይለሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። በተጨናነቀ ገበያና ሰፈር ውስጥ ከሆነም ከአንድ ሕንፃ አልፋ ጎረቤቱንም ትጠብቃለች።